«አስቀያሚ» የሚለው ቃል ምን ይሸፍናል? የቶሮንቶ ሐይቅ ዳር የመኖሪያ ማማዎችና የሕዝብ አስተያየት

መግቢያ

ቶሮንቶ በኦንታሪዮ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የተቆረቆረች፣ በሕዝብ ብዛት የካናዳ ቀዳሚ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ስለ ከተማቸው መልክ በተነጋገሩ ቁጥር ሳይነሡ ከማያልፉ አቤቱታዎች አንዱ፣ በሐይቁ ዳር የተደረደሩት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች አስቀያሚ ናቸው የሚለው ነው። አቤቱታው የዛሬ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ማማዎች ከቆሙበት ከ1970ዎቹ አንሥቶ በምክር ቤት ስብሰባ፣ በጋዜጣ ገጽና በየቡና ቤቱ ሲመላለስ ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ለዚህ አቤቱታ ከባለሙያዎችና ከአልሚዎች ዘንድ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ የሚወዱትና የሚጠሉት ነገር ለየሰው የተለየ ስለሆነ በመልክ ላይ ክርክር አይገጠምም ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው፣ የሕንፃውን ቀለም፣ መስታወትና አናት ጥቂት ለውጦ የሕዝብ ድምፅ ተሰምቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው መልስ ሕዝቡ የተናገረውን ይንቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ ያልተናገረውን ይሰማል።

እዚህ የቀረበው መከራከሪያ እንዲህ ነው፤ «አስቀያሚ» የሚለው ቃል ብዙ ቅሬታዎች በአንድነት የሚታሰሩበት ነዶ ነው። ነዶው ሲፈታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ቅሬታዎች ይገኛሉ፤ ከአራቱ ስለ ሕንፃው መልክ የሚናገረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሕዝብን አስተያየት የሚያጠና ተመራማሪ ቃሉን እንዳለ ከመቁጠር ይልቅ መጀመሪያ ሊፈታው ይገባል፤ ከተማን የሚያስተዳድር አካልም መልሱን በመስታወቱ ቀለም ሳይሆን መሬቱ ከሕዝብ እጅ በሚወጣበት ውል ውስጥ ሊፈልገው ይገባል።

ስለ ስያሜው

«ኮንዶሚኒየም» ሲባል በኢትዮጵያ አንባቢ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው በመንግሥት ተገንብቶ በዕጣ የሚተላለፈው ቤት ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ቃሉ የባለቤትነት ሥርዓት ስም ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ቤቱን በግል፣ ደረጃውን፣ ጣራውንና ግቢውን ደግሞ ከሌሎች ጋር በጋራ ይይዛል። የኢትዮጵያ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚናገረው ይህንኑ ነው። ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ይህን ሥርዓት በሕግ የደነገገው በ1967 ነው።

ልዩነቱ ያለው በአሠሪውና በገንዘቡ አካሄድ ላይ ነው። በቶሮንቶ ሕንፃውን የሚያሠራው የግል አልሚ ሲሆን፣ ቤቱ መሠረት ሳይጣልለት በፕላን ላይ እንዳለ ለገዢ ይሸጣል። አበዳሪ ባንክ የግንባታውን ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት አብዛኞቹ ቤቶች መሸጣቸውን ማረጋገጥ ስለሚፈልግ፣ አልሚው ዓመታት ጠብቆ የሚገባ ነዋሪን ብቻ ሳይሆን ሊያከራይ ወይም መልሶ ሊሸጥ የሚገዛ ባለ ገንዘብንም ይሻል። እንዲህ ያለው ገዢ የሚመለከተው የቤቱን ስፋት፣ ዋጋና «ሐይቅ ያሳያል» የሚለውን መግለጫ ነው። ሕንፃው ከመንገድ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ምድር ወለሉ ላይ ምን እንደሚኖር፣ ነፋሱ አላፊ አግዳሚውን እንዴት እንደሚመታ የሚጠይቅ ወገን በሽያጩ ጠረጴዛ ላይ የለም። የመንገዱ ሰው ውሉን የሚፈርም ሳይሆን የውሉን ውጤት በየቀኑ የሚኖር ሦስተኛ ወገን ነው። የኋላው አቤቱታ ሥር እዚህ ላይ ይጀምራል።

ዳርቻው የማን ነበር?

የቶሮንቶ የዛሬው ሐይቅ ዳርቻ ተፈጥሮ ያበጀው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሐይቁ ውኃ ዛሬ ፍሮንት ስትሪት በሚባለው ጎዳና አጠገብ ይደርስ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው መሬት ለባቡር ሐዲድ፣ ለወደብና ለፋብሪካ ሲባል ውኃው በአፈርና በፍርስራሽ እየተሞላ የተገኘ ነው። በ1911 የተቋቋመው የወደብ ኮሚሽን ይህን ሥራ በስፋት ገፋበት። ከ1955 እስከ 1966 ደግሞ የጋርዲነር ፈጣን መንገድ ተሠራ፤ በመሀል ከተማው በኩል የሚያልፈው ክፍሉ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ በከተማውና በሐይቁ መካከል ይዘረጋል። እንግዲህ ከማማዎቹ በፊት ሐዲዱና ፈጣን መንገዱ ሕዝቡን ከውኃው ለይተውት ነበር። ማማዎቹን ብቻ ከውኃው የለየን ግንብ ናቸው ብሎ መክሰስ ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል።

ሌላው የታሪኩ ግማሽ ስለ ቃል ኪዳን ነው። በ1972 የፌዴራሉ መንግሥት ከምርጫ ዋዜማ በዳርቻው ያለውን ሰፊ የኢንዱስትሪ መሬት ለከተማው ሕዝብ መናፈሻና የባህል ቦታ እንዲሆን እንደሚያውል አስታወቀ፤ ስፍራውም ሃርበርፍሮንት ተባለ። እንዲያስተዳድረው የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ግን ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ይጠበቅበት ነበር። ገንዘብ የሚገኝበት ቀዳሚ መንገድ መሬቱን ለአልሚዎች ማስተላለፍ ነበርና፣ ለመናፈሻ የታሰበው ስፍራ በ1980ዎቹ ማማ በማማ ሆነ። ኮንሰርቱንና የሥዕል ትርኢቱን የሚደጉመው ገንዘብ፣ ሕዝቡ ወደ ውኃው የሚያይበትን ክፍተት በሚዘጋው ሕንፃ ይከፈል ጀመር።

ተቃውሞው በረታና የፌዴራሉ መንግሥት በ1987 ግንባታውን አገደ። በማግስቱ ዓመት በቀድሞው የከተማዋ ከንቲባ በዴቪድ ክሮምቢ የሚመራ ንጉሣዊ ኮሚሽን ተሰየመ፤ የመጨረሻ ሪፖርቱንም በ1992 አቀረበ። ኮሚሽኑ ዳርቻውን ከሕንፃ ቁመት ባሻገር ከወንዞቹ፣ ከአፈሩ፣ ከአየሩና ከሰዎች መዳረሻ ጋር እንደ አንድ ሥርዓተ ምኅዳር መመልከቱ በከተማ ጥናት ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠቀስለት ነው። በ2001 ደግሞ የፌዴራሉ፣ የክፍለ ሀገሩና የከተማው መንግሥታት እያንዳንዳቸው 500 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመመደብ ቃል ገብተው ዛሬ ዋተርፍሮንት ቶሮንቶ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይወጣል። በ1980ዎቹ «አስቀያሚ» የተባሉት ሕንፃዎች በመጀመሪያ የተጠሉት ለሕዝብ ቃል በተገባበት መሬት ላይ ስለቆሙ ነው። ከመካከላቸው በስመ ጥሩው ካናዳዊ አርክቴክት በአርተር ኤሪክሰን የተነደፈው፣ በደረጃ በደረጃ ወደ ውኃው የሚወርደው ኪንግስ ላንዲንግ ይገኝበታል። የነዳፊው ስምና ችሎታ የዘመኑን ቁጣ አላበረደውም፤ ቁጣው የተነሣው ከንድፉ አልነበረምና።

ነዶው ሲፈታ

የመጀመሪያው ቅሬታ ስለ እይታና መዳረሻ ነው። ከሰሜን ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ውኃውን በሩቅ ማየት አለመቻሉ፣ ሲደርስም የሚያልፍበት መንገድ የግል ግቢ መስሎ መታየቱ ነው። ይህ ቅሬታ ከሕንፃው ማማር ጋር ግንኙነት እንደሌለው የቺካጎ ታሪክ ያስረዳል። በ1968 የተጠናቀቀው ባለ 70 ፎቅ ሌክ ፖይንት ታወር በሦስት ክንፉ የተጠማዘዘ፣ ብዙዎች ከዘመኑ ድንቅ ሕንፃዎች የሚቆጥሩት ማማ ነው። ነገር ግን ከሐይቁ ዳር አውራ ጎዳና ወደ ውኃው በኩል ተሻግሮ ቆሟል። ከተማዋ በ1973 የሐይቁን ዳርቻ የሚጠብቅ ደንብ ያወጣች ሲሆን፣ ያማረው ማማ የሌላ ያማረ ማማ መንገድ ጠራጊ አልሆነም። ጥያቄው ስለ ስፍራው እንጂ ስለ መልኩ ስላልነበረ፣ መልክ መልስ ሊሆነው አልቻለም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ምድር ወለሉ ነው። ረጅም ሕንፃ ከላይ ያገኘውን ነፋስ በፊቱ ይዞ ወደ እግረኛው ያወርዳል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ነፋሱ የሚበረታበት ስፍራ ነው። ጥላው በክረምት ረጅም ነው። ምድር ወለሉ የመኪና መግቢያ፣ የቆሻሻ ማውጫና ባዶ የመስታወት አዳራሽ ከሆነ፣ እግረኛው በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያገናኘው ነገር አያገኝም። ከአርባ ፎቅ ውስጥ መንገደኛው በቅርብ የሚያየው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ነውና፣ ስለ አርባው የሚሰጠው ፍርድ በእነዚህ ላይ ይቆማል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆኑ ሁለት ስፍራዎች በዚያው ዳርቻ አሉ። አንደኛው በ1920ዎቹ የተሠራው የኩዊንስ ኪ ተርሚናል መጋዘን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአርክቴክት ኤበርሃርድ ዘይድለር ንድፍ ሲታደስ በአናቱ ላይ የመኖሪያ ፎቆች ተጨመሩለት፤ ከታች ግን ሱቆችና የውዝዋዜ ቴአትር ተከፈቱ። እሱም ሐይቅ ዳር የቆመ ግዙፍ ሕንፃ ነው፣ እሱም በላዩ የግል መኖሪያ ተሸክሟል፤ ሆኖም ከተወቀሱት ማማዎች ተርታ ስሙ ብዙም አይነሣም። ሁለተኛው በ2010 የተከፈተው ሹገር ቢች ነው። ይህ ሮዝ ጃንጥላዎች የተተከሉበት የአሸዋ ሜዳ ከሬድፓዝ የስኳር ፋብሪካ ፊት ለፊት ይገኛል። ፋብሪካው ለውበት አልተሠራም፤ መርከብ ስኳር ሲያራግፍበት ግን ሰዎች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ይመለከቱታል። ሰው ቁጭ የሚልበት ስፍራ፣ የሚያየው እንቅስቃሴና የማያባርረው ዳርቻ ካገኘ፣ ያላማረውን ሕንፃ እንኳ የሚታገሥ ብቻ ሳይሆን የሚወድ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርግጥም ስለ መልክ ነው፤ ይኸውም ስለ ተመሳሳይነት። በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ የተሠሩት አብዛኞቹ ማማዎች በፋብሪካ ተገጣጥሞ በሚመጣና በየፎቁ ወለል መካከል በሚቆም የመስታወት ግድግዳ የተሸፈኑ ናቸው። ዘዴው ፈጣንና በዋጋ ዝቅ ያለ ነው፤ ለገዢውም ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስኮት ይሰጣል። ውጤቱ ግን የዚህ ሕንፃ ልብስ ለዚያም ልክ መሆኑ ነው። መስታወቱ በክረምት ሙቀት ያስወጣል፣ በበጋ ያስገባል። በ2011 በጋ ከበርካታ አዳዲስ ማማዎች በረንዳዎች መስታወት እየተሰበረ ወደ ጎዳና መርገፉና በማግስቱ ዓመት ክፍለ ሀገሩ የሕንፃ ደንቡን ማጥበቁ ደግሞ፣ ከዓይን በላይ የሆነ ሥጋት ጨመረበት። «ርካሽ ይመስላል» የሚለው የሕዝብ ፍርድ እንግዲህ የሠለጠነ ዓይን የጎደለው ሰው ስሜት ብቻ አይደለም፤ ስለ አሠራሩ የተሰጠ፣ በመጠኑም ቢሆን ትክክለኛ፣ ትዝብት ነው።

አራተኛው ቅሬታ ስለ ጥቅምና ስለ ሥልጣን ነው፤ ማን ወሰነ? ማንስ ተጠቀመ? ማማው የሚታየው እንደ ድንጋይና መስታወት ብቻ አይደለም። ቤት አጥቶ ኪራይ የከበደው ሰው መብራት የማይበራባቸውን መስኮቶች ሲያይ የሚያነበው የራሱን ዕጣ ነው። በከተማዋ ምዕራብ በሚገኘው ሀምበር ቤይ ሾርስ የቀድሞ ሞቴሎች በነበሩበት መስመር ማማዎች ጥቅጥቅ ብለው ሲነሡ፣ ለነዋሪው የታሰበው የባቡር ጣቢያ ግን ኋላ ቀረ። በዚያ ስፍራ የውኃው ዳር መናፈሻ ሆኖ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የመጀመሪያው ቅሬታ በብዙው ተመልሷል። አራተኛው ስላልተመለሰ ግን ስፍራው ከወቀሳ አላመለጠም።

እነዚህ አራት ቅሬታዎች ለምን በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ? አንዱ ምክንያት «አስቀያሚ» ለማለት ማስረጃም ሥልጣንም አያስፈልግም። ስለ ነፋስ ፍጥነት፣ ስለ መሬት ዝውውር ወይም ስለ ባንክ ብድር ለመናገር ሰነድ ማገላበጥ ይጠይቃል፤ ስለ መልክ ለመናገር ግን ማየት ይበቃል። ሕዝቡ በእጁ ባለው ቃል የሌለውን ቃል ሥራ ያሠራዋል።

የማን አስተያየት?

የሕዝብ አስተያየት ሊፈታ ይገባዋል ማለት እንዳለ ይታዘዝ ማለት አይደለም። ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ በስብሰባ የሚሰማው ድምፅ የከተማው ሁሉ ድምፅ አይደለም። ካትሪን አይንስታይን፣ ዴቪድ ግሊክና ማክስዌል ፓልመር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የከተሞችን የፕላን ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ መርምረው በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በስብሰባ የሚናገሩት ሰዎች ከጠቅላላው ነዋሪ ይልቅ በዕድሜ የገፉ፣ የቤት ባለቤት የሆኑና አዲስ ግንባታን የሚቃወሙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ገና ያልተሠራው ሕንፃ የወደፊት ተከራይ በስብሰባው ላይ ሊገኝ አይችልም። በቶሮንቶም «ማማ አስቀያሚ ነው» የሚለው ድምፅ አንዳንድ ጊዜ «አዲስ ሰው አይምጣብን» የሚለውን ሸፍኖ ሊመጣ ይችላል። ከተማዋ አብዛኛውን የመኖሪያ መሬቷን ለዘመናት ለነጠላ ቤቶች ብቻ ከልላ ከቆየች በኋላ፣ በአንድ ግቢ እስከ አራት መኖሪያ መሥራትን በመላ ከተማዋ የፈቀደችው በ2023 ነው። በሰፊው መሬት ላይ ሦስት ፎቅ ሲከለከል በጠባቡ ላይ ስድሳ ፎቅ መቆለሉ የግድ ነበር። ማማውን የሚጠላ ሰው በራሱ ሰፈር ዝቅ ያለውን የጋራ ሕንፃ ከተቃወመ፣ የሚጠላውን ራሱ ተክሏል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ባለሙያውና ሌላው ሰው አንድን ሕንፃ በአንድ ዓይን አያዩትም። በ1989 ኪምበርሊ ዴቭሊንና ጃክ ናሳር ያወጡት ጥናት አርክቴክቶችና አርክቴክት ያልሆኑ ሰዎች በመኖሪያ ቤቶች ገጽታ ላይ የሚሰጡት ፍርድ መለያየቱን አሳይቷል። ስለዚህ የባለሙያዎች ቡድን አይቶ አጸደቀው ማለት ሕዝቡ ይወደዋል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል የሕዝቡ ያለመውደድም ዘላለማዊ አይደለም፤ ሰው የለመደውን ነገር ወደ መውደድ እንደሚያዘነብል ሮበርት ዛየንስ በ1968 ካቀረበው ሥራ ጀምሮ በሥነ ልቡና ጥናት ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ፍርዱ ከቆሙበት ስፍራ ጋር ይለዋወጣል። በቶሮንቶ ደሴቶች ላይ ሆኖ ወይም ከጀልባው ላይ ወደ ከተማዋ የሚመለከት ሰው የሚያየው፣ በፖስታ ካርድ ላይ የሚታተመውንና ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣውን የከተማዋን ገጽታ ነው። በዚያ ገጽታ ፊት መስመር ላይ የቆሙት እነዚያው የሚወቀሱት ማማዎች ናቸው። ከውኃው ሲታዩ የከተማዋ ጌጥ፣ ከመንገዱ ሲታዩ የከተማዋ ነውር ይሆናሉ። የተለወጠው ሕንፃው ሳይሆን ተመልካቹ ከሕንፃው ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ በደሴቱ ላይ ምንም አልተከለለበትም።

ለጥናት አቀራረብ የሚሆኑ ነጥቦች

ከላይ ያለው ትንታኔ ልክ ከሆነ፣ በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠራ ጥናት «ይህን ሕንፃ ምን ያህል ይወዱታል?» ብሎ ፎቶግራፍ እያሳዩ ከመጠየቅ ሊያልፍ ይገባል። ፎቶግራፍ ነፋስ የለውም፣ ጥላው አይንቀሳቀስም፣ የማን መሬት እንደነበረም አይናገርም። ከአራቱ ቅሬታዎች በፎቶግራፍ የሚለካው ሦስተኛው ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው መጠይቅ ችግሩ የመልክ ነው የሚለውን መደምደሚያ ከመነሻው ይዞ ይገባል።

የተሻለው አካሄድ ጥያቄውን በአራት ከፍሎ፣ መላሹን በስፍራው አቁሞ፣ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚመለከትም መዝግቦ መጠየቅ ነው። በማማዎቹ ውስጥ የሚኖሩ ተከራዮችና ባለቤቶችም ሊጠየቁ ይገባል፤ እነሱም ሕዝብ ናቸው፣ ነገር ግን ስለ «ሕዝብ አስተያየት» ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከውጭ የሚመለከተው ብቻ ነው። አንድ ሕንፃ በተሠራ በአምስተኛውና በሃያኛው ዓመት የሚሰጠውን ፍርድ ማነጻጸርም ከመልመድ የመጣውን ለውጥ ከእውነተኛ ቅሬታ ለመለየት ይረዳል።

ሕጉ ምን ይችላል?

መንግሥት ውበትን በሕግ ማዘዝ አይችልም የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው። ቶሮንቶ በ2013 ባጸደቀችው የረጃጅም ሕንፃዎች የንድፍ መመሪያ የማማው አንድ ፎቅ ስፋት ከ750 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በማማና በማማ መካከል ያለው ርቀትም ከ25 ሜትር እንዳያንስ አስቀምጣለች። ይህ ቀጭንና የተራራቀ ማማ ብርሃንና እይታ እንዲያሳልፍ ያግዛል፤ አስቀድመው የቆሙትን ሰፋፊ ሕንፃዎች ግን አይመለከትም። በ2022 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ቤት በፍጥነት ይገነባ በሚል ባወጣው ሕግ ከተሞች የሕንፃዎችን የውጭ ገጽታ የመቆጣጠር ሥልጣናቸውን አጠበበ። እንግዲህ በመልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ የሕዝብ ትግል፣ ከተማዋ በሕግ ደካማ በሆነችበት ግንባር ላይ የሚደረግ ትግል ነው።

በሌሎቹ ሦስት ቅሬታዎች ላይ ግን ከተማ ብዙ ማድረግ ይችላል። ቫንኩቨር በ1989 ከተመረጡ የሕዝብ ስፍራዎች ወደ ተራሮቹ የሚያሳዩ የእይታ መስመሮችን በደንብ ከለለች። የ1986ቱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተካሄደበት የፎልስ ክሪክ መሬት ለግል አልሚ ሲተላለፍም የውኃው ዳር የእግር መንገድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ተደረገ። የማማዎቹን ተመሳሳይነት የሚነቅፉ በቫንኩቨርም አሉ፤ ወደ ውኃው መድረሻ አጣን ለማለት ግን ምክንያታቸው ጠባብ ነው። ከተማዋ በ2024 ለተጨማሪ መኖሪያ ስትል ከእይታ መስመሮቹ አንዳንዶቹን ማላላቷ ደግሞ፣ እይታና መጠለያ የሚመዛዘኑ የሕዝብ ጥቅሞች መሆናቸውን ያስታውሳል። ምዘናው በግልጽ ደንብ ላይ ሲደረግ ተሸናፊው እንኳ ምን እንደተወሰነበት ያውቃል።

ቶሮንቶም ከስሕተቷ ተምራለች። ከ2005 ጀምሮ የዳርቻው ንድፎች በገለልተኛ ባለሙያዎች ቡድን ይታያሉ፤ የኩዊንስ ኪ ጎዳናም በ2015 ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለከተማ ባቡር ሰፊ ቦታ ተሰጥቶት ተከፈተ። ከጎዳናው ሰሜን የቆሙት የቀድሞ ማማዎች አንድም መስታወት አልተለወጠላቸውም። የተለወጠው እግረኛው የሚረግጠው ስፍራ ነው፤ ይህም ሁለተኛውን ቅሬታ ማማውን ሳይነኩ ማቃለል እንደሚቻል ያመለክታል።

ለሐይቅ ዳር ከተሞቻችን

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ውኃቸውን ይዘው የሚያድጉ ከተሞች ናቸው፤ የሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የሚወደደውም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ጠያቂ ውኃው ዳር ስለሚደርስበት ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ ይተላለፋል። የግል ይዞታ ከሠፈነበት ሥርዓት አንጻር ይህ ትልቅ አቅም ነው፤ ወደ ውኃው የሚያሳልፈው መንገድ፣ ከዳርቻው የሚጠበቀው ርቀትና የምድር ወለሉ አገልግሎት ሁሉ በሊዝ ውሉ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ሆኖም የሃርበርፍሮንት ታሪክ የሚያስተምረው፣ መሬት የሕዝብ መሆኑ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ነው። ያም መሬት የሕዝብ ነበር። ራስህን ቻል የተባለ የመንግሥት ድርጅት የበጀት ቀዳዳውን በሐይቅ ዳር መሬት ሲደፍን፣ ገንዘቡ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ሕንፃው ግን ለሦስት ትውልድ ይቆማል።

ማጠቃለያ

የቶሮንቶ ሕዝብ «አስቀያሚ» ሲል የተናገረው ስለ ተዘጋ እይታ፣ ስለ ነፋሻማ መንገድ፣ ስለ ርካሽ አሠራርና ስላልተከበረ ቃል ነው። ሕንፃውን ማስዋብ ከአራቱ አንዱን ብቻ፣ ያውም በሕግ ለማስገደድ እጅግ የሚያስቸግረውን ይመልሳል። የቀሩት ሦስቱ ማማው ከመቆሙ በፊት፣ መሬቱ ሲተላለፍ፣ ደንቡ ሲጻፍና ምድር ወለሉ ሲታቀድ ሊመለሱ የሚችሉ ናቸው። ማማዎቹ ከቆሙ በኋላ የሚቀረው መንገዱን፣ መናፈሻውንና መተላለፊያውን ማበጀት ሲሆን፣ ይህም የሚናቅ ሥራ አይደለም። የተመራማሪው ድርሻ ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ቃል ያሠረውን ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ቅሬታ ሊመልሰው ለሚችለው አካል ማድረስ ነው።